የመኪና ሬዲዮን የሚያፍነው ቻርጀር
ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ የሚኒባስ ሬዲዮ መሐል ላይ መንሾካሾክ ሲጀምር ረዳቱ «ጣቢያው ጠፋ» ብሎ ሌላ ይፈልጋል። እርግጥ ከማሰራጫው በራቁ ቁጥር ሞገዱ ይደክማል፤ ተራራና ሸለቆም ይጋርደዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው እዚያው መኪናው ውስጥ ነው፦ ላይተሩ ላይ የተሰካው የስልክ ቻርጀር።

ይህ ትንሽ ዕቃ የባትሪውን 12 ወይም 24 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ኤሌክትሪኩን በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ነው። ብዙ ሳይግል፣ ኃይልም ሳያባክን ይሠራል። ድንገተኛው መክፈትና መዝጋት ግን ብዙ እጥፍ ፈጣን የሆኑ ሞገዶችን ያስነሳል፤ አንዳንዶቹ ኤፍ ኤም ከሚሠራበት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ይደርሳሉ። ገመዱ አንቴና ሆኖ ይረጫቸዋል። ጥሩ ቻርጀር ውስጥ ይህን የሚያፍን ካፓሲተርና ጥቅል ሽቦ አለ፤ በርካሹ ላይ ለዋጋ ሲባል መጀመሪያ የሚቀሩት እነዚሁ ናቸው። ርካሽ የኤልኢዲ መብራትም እንደዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጣቢያው ስለሚያይል ረብሻው አይሰማም፤ ሞገዱ ቀጥኖ በሚደርስበት ገጠር ግን ያሸንፋል። ገበያውንም የመንገዱንም ወሬ በሬዲዮ ለሚከታተል ሾፌር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የመኪና ፋብሪካዎች ሲስፕር 25 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እየፈተሹ የመኪናው ዕቃ የመኪናውን ሬዲዮ እንዳይረብሽ ያደርጋሉ። ከሱቅ ተገዝቶ በኋላ የሚገጠመውን ግን ማንም አብሮ አልፈተሸውም።

ምንጩን ለመለየት ጆሮ ይበቃል። ነዳጅ ሲሰጥ እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት የዲናሞ ነው። ከሞተሩ ዙር ጋር የሚፈጥን ጠቅጠቅታ የካንዴላ ነው፤ የናፍታ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው እዚያ አይፈለግም። ሞተሩ ጠፍቶም የማይለወጥ ሽሽታ ከሆነ ቻርጀሩን መንቀል ነው፤ ወዲያው ከጠራ ተገኘ ማለት ነው።

መፍትሔውም ውድ አይደለም። በአሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ጫፍ ላይ የሚታየው ጥቁር እብጠት ውስጥ ፌራይት የሚባል ቀለበት አለ። ፕላስቲኩን ሰንጥቆ አውጥቶ፣ የቻርጀሩን ገመድ ከመሰኪያው አጠገብ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሾለክ ረብሻውን በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያ በፊት ግን የአንቴናውን እግር ማየት ይሻላል፤ ቦዲውን የሚነካበት ቦታ ከዛገ ወይም ቀለም ከጋረደው የአንቴናው ገመድ ራሱ ረብሻ ይሰበስባልና ፍቆ ማጥበቅ ያስፈልጋል።