ከሻወር ቤት የወጣው ነጠላ ጫማ

ጣት መለያ የለው፣ ማሰሪያ ክር የለው፤ እግርን ሹልክ አድርጎ ማስገባት ብቻ ነው። ከላይ በአንድ ሰፊ ማሰሪያ የተያዘው፣ ከኋላ ክፍት የሆነው የወንዶች ነጠላ ጫማ በገበያው “ስላይድ” ይባላል። ዛሬ ሰፈር ለሰፈር፣ ካፌ ድረስም ይለበሳል። መጀመሪያ የታሰበው ግን ለመንገድ አልነበረም።

ከዚህ ዓይነት ጫማ እጅግ ስሙ የገነነው የአዲዳሱ አዲሌት ነው። አዲ ዳስለር ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1949 ጀርመን ውስጥ፣ በሄርዞገንአውራህ ከተማ አቋቋመ፤ አዲሌት ደግሞ በ1972 ገበያ ላይ ዋለ። ስፖርተኞች ከልብስ መቀየሪያ ወደ ሻወር ሲሄዱ እንዲጫሙት ነበር የተዘጋጀው። ፎጣና ሳሙና የያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ ክር አያስርም። ብዙ ሰው በሚታጠብበት እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር መሄድ ደግሞ ያንሸራትታል፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ ፈንገስም ያስይዛል።

ጫማውን በቅርብ ስናየው ሥራው ሁሉ የወደቀው በማሰሪያው ላይ ነው። ከኋላ የሚይዝ ነገር ስለሌለ ማሰሪያው ሰፍቶ የእግሩን ጀርባ ማቀፍ አለበት። የውስጡ ወለል ተረከዙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ይላል፤ እግር ወደ ኋላ እንዳይሾልክ ነው።

አሁን በየሱቁ የምናየው ቀላል ስላይድ በአብዛኛው ኢቪኤ ከሚባል ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ የሚሠራ ነው። የቀለጠው ጥሬ ዕቃ ወደ ቅርጽ ማውጫው ይገባል፤ ማውጫው ሲከፈት ውስጡ የታመቀው ጋዝ ስለሚለቀቅ ጫማው ተነፍቶ ከማውጫው ይበልጣል። በውስጡ የቀሩት ጥቃቅን የአየር ኪሶች ጫማውን ቀላል ያደርጉታል፣ ውሃም አያስገቡም። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ በሰውነት ክብደት ይደፈጠጣሉ፤ ያኔ ሶሉ ይሳሳል፣ ይደርቃል። ሙቀትም አይወድም፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ስላይድ ተኮማትሮ ሊጠብ ይችላል።

የኋላ ማሰሪያ አለመኖሩ ምቾትም ችግርም ነው። ጫማው እንዳያመልጥ ጣቶች በየእርምጃው ይቆነጥጡታል፤ ረጅም መንገድ ሲሆን እግር ይዝላል። ለሩጫና ለደረጃ አይመችም፤ መኪና ሲነዱ ደግሞ ከእግር ወልቆ ፍሬን ሥር ሊገባ ይችላል። በስኳር ሕመም ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሳያውቀው ሊቆስል ስለሚችል፣ ዙሪያውን የሚሸፍን ጫማ ይሻለዋል።

ሲገዙ ቆመው ይለኩት፤ ማታ እግር ትንሽ ስለሚያብጥ ያን ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ተረከዝዎ ከጫፉ አይውጣ። ማሰሪያው ሳይቆርጥ ይያዝ። ሶሉን ገልብጠው ይዩት፤ ልሙጥ ከሆነ ለሻወር አይሆንምና ይተዉት።