ሞተሯ ጋደም ያለው ፔጆ

የማደያው ልጅ «ዘይቷን ልይልዎት» ብሎ ኮፋኖውን ከፈተ። አንገቱን አስግጎ ትንሽ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ወደ ጎን ወድቋል እኮ!»

አልወደቀም። ከፋብሪካ የወጣውም እንዲሁ ነው። የፔጆ 404 ሞተር 45 ዲግሪ አዘንብሎ የተቀመጠ ነው። መደብ ላይ በክርኑ ደገፍ ብሎ በርጫ የያዘ የይፋት ሽማግሌ ይመስላል። መሐንዲሶቹ ኮፋኖው ዝቅ እንዲል ብለው ነው ያጋደሙት። ልጁ ግን ይህን ስነግረው ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ዘይቱን ለክቶ፣ ሞተሩን እንደታመመ ሰው በሐዘኔታ አይቶ ኮፋኖውን ቀስ ብሎ ከደነ።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባጃጁ፣ አባዱላው፣ ቅጥቅጡና አይሱዙው በሚጋፋበት መንገድ በየቀኑ የምነዳው ይህቺን ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ወደ ማሳ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ደብረ ሲና፤ የባለቤቴ ቤተሰቦች እዚያ ናቸው። እሑድ ጎረቤት ከለመነ ሰንበቴ ገበያ ድረስ እንወርዳለን። «ለምን አትሸጣትም?» የሚለኝ ሰው በሳምንት አንድ አይጠፋም። «ስንት ትላታለህ?» የሚለኝ ግን እስካሁን ሁለት ብቻ ነው።

እኛ «ስቴሽን ዋገን» የምንለውን ፈረንሳዮቹ ለዚህኛዋ «ፋሚሊያል» ብለው ሰይመውታል፤ የቤተሰብ ማለታቸው ነው። ሦስት ረድፍ ወንበር አላት፣ ሁሉም ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ። ከፊትና ከኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአውቶሞቢሏ በ19 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ይህቺ ስንዝር የማትሞላ ጭማሪ ናት ሦስተኛውን ረድፍ የወለደችው። ማርሹ እንደ ዛሬዎቹ በወንበሮቹ መካከል አይደለም፣ ከመሪው ሥር ነው። በዚህ ምክንያት ከፊት ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ እናቴም ጉልበቷ ስለማይታጠፍላት መካከሉን ለልጅ ትታ በሩን ይዛ ትቀመጣለች።

404 እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣች። ቅርጿን የነደፈላት ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣልያን ቤት ነው። ስቴሽኗ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለች። ፈረንሳይ ውስጥ እስከ 1975 ድረስ ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ ኬንያ ውስጥ ደግሞ ፒካፗ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ስትገጣጠም ነበር። አፍንጫዋ ላይ ያለውን አንበሳ የሰፈር ልጆች የይሁዳ አንበሳ ነው ብለው ይከራከሩበታል። እውነቱ ከዘውድም ከአራዊትም ይርቃል፤ ፔጆ መኪና ከመሥራቱ በፊት መጋዝና የቡና መፍጫ የሚሠራ ቤት ነበር፣ አንበሳውም የመጋዙ ጥርስ ጥንካሬ ምልክት ነው። የቡና መፍጫውን እ.ኤ.አ. በ1840 ነው የጀመሩት። በኋላ መኪናቸው የሐረር ቡና ወዳለበት አገር ሄዳ መክረሟ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ።

የእኔዋንም ያገኘሁት በዚያው በኩል፣ ድሬዳዋ ነው። በአገራችን የ404 ርስት ምሥራቁ ነው። የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ወስዶበታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ድሬዳዋ የፈረንሳይ ዕቃ መውረጃ ነበረች። ወደቡ የፈረንሳይ፣ ባቡሩ የፈረንሳይ፤ ከፉርጎው የሚወርደው መኪናም ፔጆ ቢሆን አያስገርምም። ሐረር የሄደ ሰው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ተሰልፈው ያያቸዋል፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ 404 ታክሲዎች፣ አንዳንዶቹ ከሹፌራቸው በዕድሜ የሚበልጡ። እነዚያ በአብዛኛው አጭሮቹ ናቸው። ረጅሟን ለማግኘት ብዙ ግቢ ማንኳኳት ነበረብኝ፣ ያገኘኋትም የዶሮ ማደሪያ ሆና ነው።

ምሥራቁና የእኛ ይፋት ደግሞ የቆየ ዝምድና አላቸው። ከመኪናውም ከባቡሩም በፊት ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው የግመል ቅፍለት በዚህ ቆላ አልፎ ነበር ወደ አልዩ አምባና አንኮበር የሚወጣው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ አስጭኖ አንኮበር የገባው በዚያ መንገድ ነው። እኔ በአዲስ አበባ ዞሬ ነው ያመጣኋት፤ እሱ ያየውን መከራ አላየሁም፣ ከአዋሽ ወዲህ ሁለት ጎማ ብቻ ነው የፈነዳብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህቺ መኪና እንግዳ የሚያሰኟት ነገሮች ሁሉ የእኛን መንገድ አይቶ የሠራቸው ሰው ያለ ያስመስላሉ።

መንገዱን የማያውቅ ካለ፦ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከማንጎና ከፓፓያ ተነስተህ፣ አርማንያንና ደብረ ሲናን አልፈህ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ በጉም ውስጥ መብራት አብርተህ ትቆማለህ። ሸሚዝህን ከፍተህ ጀምረህ ጋቢ ለብሰህ ትጨርሳለህ። ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ ታች ይፈላል፣ ላይ ይበርደዋል፣ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ይታፈናል።

404 በወጣችበት ዘመን የብዙ መኪና ቬንትሌተር ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ይዞር ነበር። በብርዱም፣ በቁልቁለቱም፣ ሳያስፈልግም። የ404 ግን ይተኛል። ውኃው እስኪሞቅ ክንፎቹ ከቺንጊያው ኃይል ተለያይተው ዝም ይላሉ፤ ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ አንድ ትንሽ ማብሪያ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ ማግኔቱ ቬንትሌተሩን ይስበውና አብሮ መዞር ይጀምራል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለቀዋል። ዛሬ ተራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በስድሳዎቹ ግን ይህን ለተራ የቤተሰብ መኪና የሰጠ ሰው አእምሮው ሥራ የማይፈታ ነበር ማለት ነው።

ክፉ ጎኑንም ያየሁት እዚያው ዳገት ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደሚዞረው ማግኔት የሚደርሰው የጥፍር ቁራጭ በምታክል ካርቦን በኩል ነው። ካርቦኗ እየተፋቀች ታልቃለች፤ ስታልቅ ማንም አይነግርህም። አርማንያ ሳልደርስ የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ፣ ቀጥሎ የኮፋኖው ጠርዝ መጨስ ጀመረ። ወንበሩ ላይ አማቴ፣ ሁለት ልጆችና ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ነበሩ። ጥላ ፈልገን ለአንድ ሰዓት ቆምን። የረዳን መካኒክ ጎበዝ ነበር፤ ብሎኖቹን አጥብቆ ቬንትሌተሩን ለዘለቄታው አሰረውና «በቃ መምህር፣ ከእንግዲህ እንደ ሰው መኪና ይዞራል» አለኝ። አመስግኜ ሄድኩ። ሦስት ወር ነዳኋት፤ ጣርማ በር ላይ እየበረዳት፣ ሜዳው ላይ እንደ ወፍጮ እየጮኸች። መጨረሻ ላይ አላስቻለኝም። ከአሮጌ ሞተሪኖ ያወጣሁትን ካርቦን በሞረድ አሹዬ፣ በጥፍሬ ልክ አድርጌ ገጠምኩላት። ሁለት መለዋወጫ ደግሞ በክብሪት ቤት አድርጌ ከመሪው አጠገብ ካለው መሳቢያ ውስጥ አኑሬያለሁ።

ልብ ያለው አንባቢ እስካሁን ያሉትን ቃላት አስተውሏል። ኮፋኖ፣ ማርሽ፣ ቺንጊያ፣ ሞተሪኖ። ሌላም ልጨምር፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ። ፈረንሳዊቷ መኪና አገራችን ውስጥ የምትታከመው በጣልያንኛ ነው! ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ዋሻውንና የጋራዡን መዝገበ ቃላት ትቶልን ሄደ። በጣም የምወደው «ፖርቶ መጋላ» ነው፤ ከጣራው በላይ ያለው የዕቃ መጫኛ። ከጣልያንኛው ተሰብሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሐረሩን ፈረስ መጋላ መስሎ ቀረ። የሐረሩ መጋላ ገበያ ማለት ነው፤ የእኔዋ ፖርቶ መጋላም እሑድ ከሰንበቴ ስንመለስ ገበያ መምሰሉ አይቀርም።

ጭነት ከተነሳ አይቀር፣ የኋላዋን ላሳያችሁ። ዕቃ የሚጭን መኪና ከኋላ ባሌስትራ ነው የሚደረግለት፤ ባዶውን ሲሄድ እንደ በቅሎ ያነጥራል። የእኔዋ ባሌስትራ የላትም፣ በየጎማው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላ ነው የተሰጣት። ሽንኩርት ስትጫን ዝቅ ትላለች እንጂ አትደነግጥም። ምሥራቅ አፍሪካ ይህን ባሕርይዋን በውድድር አይቶታል፤ 404 የሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ አሸንፋለች፣ በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 እ.ኤ.አ.። በ1963ቱ 84 መኪኖች ተነስተው 7 ብቻ ናቸው የጨረሱት። እነዚያ አውቶሞቢሎቹ ናቸው፤ ስቴሽኗ ደግሞ የራሷን ራሊ በየገበያው መንገድ ስትሮጥ ኖረች፣ ዋንጫ የሰጣት የለም።

ከሞላዎቹ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ግን የእኔ ምሥጢራዊ ፍቅር ነው። በአብዛኛው መኪና ብረት ከብረት ይናከሳል። እዚህ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስ ያለውን ጎማ ያዞራል። ድምፅ የለውም፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠላል፦ የዛሬውን ኃይለኛ የማርሽ ዘይት። በዘይቱ ውስጥ ያለው ድኝ ነሐሱን ይበላዋል። ድሮ የሚታዘዝላት ከጉሎ ዘይት የተቀመመ ነበር። ጉሎ! ምጣድ የሚታሰስበት፣ በየአጥሩ ሥር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ጉሎ። ይህን ያስረዳኝ አንድ የድሬዳዋ ሽማግሌ መካኒክ ነው፤ «ልጄ፣ ርካሽ ነው ብለህ ያገኘኸውን አታጠጣት» አለኝ። ሸዋ ሮቢት ስመለስ አንዱ ጎረቤቴ የሰማውን ይዞ ጉሎ በዘነዘና ወቅጬ እንደማጠጣት ሰፈር ውስጥ አወራ። አላደርገውም። ግን አስተባብዬም አላውቅም።

ሞተሯን ስታድስም እንደዚሁ ቀላል ናት። ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት ካሚቻ ተነቃይ ነው፤ ሲያልቅ መሳቢያ እንደመሳብ አውጥተህ ሌላ ትከታለህ፣ ሞተሩን ተሸክሞ ቶርኖ ቤት መሄድ የለም። ችግሩ ካሚቻውን ማግኘቱ ነው። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ከሄድክ መጀመሪያ ይስቁብሃል፣ ቀጥሎ ሻይ ይጋብዙሃል፣ ከዚያ አንዱ «አንድ ሰው ጋ አለ» ይልሃል። ሰውየው ድሬዳዋ ነው። ሁልጊዜ ድሬዳዋ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ካርቡሬተሯ የቶዮታ ነው፣ የፊት መብራቶቿም የአንድ እናት ልጆች አይደሉም።

ፍሬኗን አላሞግስም። አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሞርቶ አድርጎ፣ ቤንዚን ቆጠብኩ ብሎ የሚወርድ ሹፌር አሁንም አለ፤ በ404 ይህን የሚያደርግ ሰው ደብረ ሲና ሳይደርስ ሸራው ይሸትተዋል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። የሚወረደው በወጡበት ማርሽ ነው። አይሱዙው ከኋላ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ይንፋ።

በ2012 ዓ.ም. ያገለገለ መኪና ላይ በዕድሜው ልክ የሚከብድ ኤክሳይስ ታክስ መጣ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚመጣው ባትሪ ነው፤ ያለው አሮጌ ደግሞ ያለው ነው። ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት ከፊትና ከኋላዬ ቻርጅ የሚደረጉ መኪኖች ተሰልፈው አይቼ አውቃለሁ። መርማሪው ኮፋኖዋን ከፈተ፣ አንገቱን አስግጎ ቆየ፣ ወደ እኔ ዞረ። ምን ሊል እንደሆነ አውቄዋለሁና «አልወደቀም» አልኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን ስንጀምር መኪና ውስጥ ማንም አያወራም። ልጆቹም ለምደውታል። አርማንያ ላይ፣ ያን ቀን የቆምንበትን ጥላ ስናልፍ፣ ከፊት «ቀጭ» የሚል ትንሽ ድምፅ ይሰማል፣ ተከትሎም የነፋስ ሹክሹክታ። ቬንትሌተሩ ነቃ። ታናሽቷ ልጄ «ገባ!» ትላለች። ሬዲዮውን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።