ፕሮሰሰር ሲቀየር አሮጌው ኮምፒውተር እስከ መቼ ይደገፋል?

አምራች የፕሮሰሰር ዓይነት ሲቀይር አሮጌው ኮምፒውተር ሥራ አያቆምም፤ የድጋፍ ዕድሜው ግን መቆጠር ይጀምራል። አፕል ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል እንደሚዞር ያሳወቀው በ2005 ነው (ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳውያን ናቸው)። በነሐሴ 2009 የወጣው የማክ ሥርዓተ ክወና ስኖው ሌፓርድ ኢንቴል ላይ ብቻ የሚጫን ሆነ። በ2006 አጋማሽ በፓወርፒሲ የሚሠራ ፓወር ማክ የገዛ ሰው አዲስ ሥርዓት የመጫን ዕድሉ ከሦስት ዓመት ብዙም አላለፈም፤ ለከፈለው ዋጋ ትንሽ ነው። የኢንቴል ማኮች የተሻለ ዕድል አግኝተዋል፦ አፕል ከኢንቴል ወደ ራሱ ቺፕ የዞረበት ኤም1 ማክ በኅዳር 2020 ወጣ፣ ኢንቴልን የሚቀበለው የመጨረሻው ሥርዓት ታሆ ደግሞ በ2025። እሱም የሚጫነው በአራት የኢንቴል ሞዴሎች ላይ ብቻ ነው።

በሱዳኗ ካርቱም ስሌቱ ለረጅም ጊዜ የተለየ ነበር። አሜሪካ በ1997 በሀገሪቱ ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት፣ አምራቹ ገና የሚደግፈው ኮምፒውተር እንኳ ማሻሻያውን በመደበኛው መንገድ ማግኘት ይቸግረው ነበር። ለግል መገናኛ የሚሆኑ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች በ2015 ተፈቀዱ፤ የንግድ ማዕቀቡ በጥቅምት 2017 ተነሣ።

ያገለገለ ማክ ሲገዛ የትኛው ፕሮሰሰር እንዳለው ለማወቅ ከላይ በግራ ያለው የአፕል ምልክት ተነክቶ ስለ ኮምፒውተሩ የሚገልጸው መስኮት ይከፈታል። «ቺፕ» የሚል መስመር የአፕልን የራሱን ቺፕ፣ «ፕሮሰሰር» የሚል ደግሞ ኢንቴልን ያመለክታል።