የሚያገግም ፈረስ መቼ ይታሻል?

ከእንጦጦ ኮረብታ ወደ ሾላ ገበያ የሚያወርደው መንገድ ለጭነት ከብት ቀላል አይደለም። ቁልቁለቱ የፊት እግርን ያዝላል፤ ሲመለሱ ዳገቱ ሳንባን ይፈትናል። ጤነኛ ፈረስ ይህን ይችለዋል። በተላላፊ በሽታ ተይዞ የሰነበተና ገና በማገገም ላይ ያለ ፈረስ ግን «ተሽሎታል» ተብሎ በተጫነ ማግስት እንደገና ሊተኛ ይችላል። ጎብኚ የሚያሳፍሩት የእንጦጦ ፈረሶችም ከዚህ አደጋ ውጪ አይደሉም።

የታመመን ከብት ማሸት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በየቀበሌው እጁ የተመሰከረለት ወጌሻ አይጠፋም፤ ሾላም የታወቀ የቅቤ ገበያ በመሆኑ ማሻው በቅርብ ይገኛል። ልማዱ በራሱ መጥፎ አይደለም። ጉዳት የሚመጣው በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እጅ ሲሰነዘር ነው። ማሸት የበሽታን ተሕዋስያን አይገድልም፤ ክትባትንም መድኃኒትንም አይተካም። የሚሰጠው ጥቅም ቆሞ የሰነበተን ጡንቻ ማፍታታት፣ በእግር ላይ የወረደን ቀላል እብጠት መቀነስና የተጨነቀን እንስሳ ማረጋጋት ነው።

በቅድሚያ ፈጽሞ መታሸት የሌለበትን እንመልከት። በፈረሱ እግር፣ አንገት ወይም ደረት ቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ ተከታትለው የሚወጡ፣ ኋላም ፈንድተው መግል የሚያፈሱ እባጮች ከታዩ በሙያው አጠራር ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የተባለው በሽታ መጠርጠር አለበት። መነሻው ፈንገስ ሲሆን፣ በቁስል በኩል ይገባል፤ በዝንብ፣ በኮርቻና በሌላ ዕቃ ይዛመታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ በወጣ ጥናት መሠረት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከተመረመሩት 19,082 የጋሪ ፈረሶች ውስጥ 18.8 በመቶዎቹ ታመው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለውን እባጭ የሚያሽ ሰው መግሉን በእጁ ይዞ ወደ ሚቀጥለው ፈረስ ይሄዳል ማለት ነው። ቁስሉን ቅቤ መቀባትም ዝንብ ከመጥራት በቀር ፋይዳ የለውም። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት የእንስሳት ሐኪም በአዮዲን መድኃኒት ሊያክመው ይሞክራል። ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ተስፋው ይመነምናል።

ሁለተኛው ስትራንግልስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ፈረሱ ያተኩሰዋል፤ ከአፍንጫው መግል ይወርዳል፤ በመንጋጋው ሥር ያለው ንፍፊትም ያብጣል። ይህን እብጠት በእጅ መጭመቅ አይገባም። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማሳረፍ ብቻ ይበቃል፤ ሲበስል ሐኪሙ ይከፍተዋል፣ ወይም ራሱ ይፈርጣል። ጨርቁ ከዚያ በኋላ ይቃጠል። ፈረሱ የዳነ ቢመስልም ለሳምንታት በሽታውን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከመንጋውና ከጋራ ገንዳ ተለይቶ መቆየት አለበት።

በተናካሽ ትንኝ የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሲያብጥ እብጠቱን ማሸት ምንም አይፈይድም፤ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒትም የለውም። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል። ትንኟ የምትበዛው ሲመሽና ሲነጋ በመሆኑ ፈረስን በነዚህ ሰዓቶች ቤት ማስገባት ይረዳል።

ታዲያ ማሸት መቼ ይጀመር? ትኩሳቱ ለቆ ምግብ መብላት ሲጀምር ነው። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሲሆን፣ ያለ ሥራ ቆሞ ሳለ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ቴርሞሜትር ያልያዘ ባለ ፈረስ የጎኑን እንቅስቃሴ ቢቆጥር ብዙ ነገር ይረዳል።

አሠራሩ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ንጹሕና ደረቅ ገለባ በእጅ ተጠቅልሎ አንገት፣ ትከሻና ታፋ በጠጉሩ አቅጣጫ በቀስታ ይታሻሉ። እግር የሚታሸው በመዳፍ ሆኖ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ልብ አቅጣጫ ነው። የጀርባ አጥንት፣ ቁስልና የሞቀ እብጠት አይነኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ካላላ ተመችቶታል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ወይም ለመራገጥ ከቃጣ አሞታልና ይተው። ተኝቶ መነሳት ያቃተው ፈረስ ካለ ወፍራም ገለባ ተነጥፎለት በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑ ይገላበጥ፤ አለዚያ ቆዳው ይቆስላል። ከመታሸት ቀጥሎ ያለ ኮርቻና ያለ ጭነት በልጓም እየተሳበ ሜዳ ላይ ጥቂት ይራመድ።

አስቸጋሪው ነገር ዕረፍቱ ነው፤ ፈረሱ ሲቆም የቤቱ ገቢም አብሮ ይቆማልና። ቢሆንም በፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ለተያዘ ፈረስ ሐኪሞች የሚመክሩት ላተኮሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳምንት ዕረፍት ነው። ሦስት ቀን ያተኮሰው ሦስት ሳምንት ያርፋል ማለት ነው። ከአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተረፈ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ሳይሠራ ይቆያል፤ ልቡና ሳንባው ተጎድተዋልና።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች እዚህ ላይ ሊሠሩ የሚችሉት ሥራ አለ። ፈረሱ የታመመበት አባል ዕቃውን የሚያደርስለት ጎረቤት ካገኘ በሽተኛውን ወደ ገበያ ለማውጣት አይገደድም። የጎረቤቱ ፈረስ ሲጫንም የበሽተኛው ኮርቻ፣ ግላስና ልጓም አብረው መዋስ የለባቸውም። አሺውም ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠብ፤ ጤነኞቹን አስቀድሞ በሽተኛውን በመጨረሻ ይመልከት።