የሻምላ ጨዋታና የጎራዴ ውጊያ

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የፓሪስ ኦሎምፒክ በቴሌቪዥን ሲታይ በእኛ በሠልጣኞች መካከል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸውን ወንፊት በሚመስል ጭምብል የሸፈኑ ተጋጣሚዎች በቀጭን ሻምላ ሲነካኩ ያየ አንድ ጓደኛችን «ይህ ደግሞ ምኑ ጎራዴ ነው? ያያቶቻችን ጎራዴ ቢመዘዝ አዳራሹን ጥለው ይሮጡ ነበር» አለ። ሌላው «ጨዋታ ነው እንጂ ጦርነት አይደል!» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። በዚህ ጽሑፋችን ፌንሲንግ የሚባለው የሻምላ ስፖርት ከቀድሞው የጎራዴ ውጊያ በምን እንደሚለይ፣ ይህም ለእኛ ለመምህራን ምን እንደሚያስተምረን እንመለከታለን።

ያያቶቻችን ትጥቅ

ባገራችን ጎራዴ ብቻውን አይታሰብም፤ ጓደኛው ጋሻ ነው። ጋሻው ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ፣ ክብና መሐሉ ያበጠ ሲሆን በግራ እጅ ይያዛል። ጎራዴው የሚታጠቀው በቀኝ ጎን ነው። ምነው ቢሉ፣ በግራ ያለው ጋሻ እንዳያሰናክለው ነው። ሾተል ደግሞ እንደ ማጭድ የጎበጠ በመሆኑ የጠላትን ጋሻ ዞሮ ከኋላው ያለውን አካል ለመንካት ይመቻል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት ጎራዴዎች አንዳንዶቹ ስለታቸው ከአውሮፓ የመጣ፣ እጀታቸው ግን እዚሁ በቀንድ የተሠራ ነበር።

ይህ ትጥቅ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በስሜን ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡም ሆነ፣ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደር ገብተው ከተማዋን ሲያቃጥሉ፣ ጠመንጃ ቢኖርም ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ ከሰው እጅ አልወጡም ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የተዋጊው ሐሳብ ጠላቱን መምታት ብቻ አይደለም፤ ወደ ቤቱ በሕይወት መመለስ ጭምር ነው። ስለዚህ መመከትን ከመምታት እኩል ይማራል።

የአውሮፓ መምህርና ተማሪ

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በጀርመን አገር የተጻፈና ዛሬ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ቤተ መዘክር የሚገኝ አንድ የብራና መጽሐፍ አለ። ትምህርቱ ስለ ሰይፍና ስለ ትንሽ ጋሻ ሲሆን፣ በሥዕሎቹ ላይ የሚታዩት አስተማሪ ካህንና ተማሪው ናቸው። ካህኑ ያሳያል፣ ተማሪው ይሞክራል፤ መጽሐፉ ይህን አድርግ ብቻ ሳይሆን ባላንጣህ እንዲህ ቢመልስ ምን ታደርጋለህ እያለ ይሄዳል። እንግዲህ የማስተማሪያ መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

ጨዋታው እንዴት መጣ?

ከጊዜ በኋላ ለልምምድ እንዲሆን ጫፉ የተደፈነ ቀላል ሻምላ ተሠራ፤ ይኸውም ፎይል የሚባለው ነው። ዛሬ የስፖርቱ መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፤ ፎይል፣ ኤፔና ሳበር። ፎይልና ሳበር ከ500 ግራም፣ ኤፔ ከ770 ግራም እንዳይበልጡ ተወስኗል። ሜዳው 14 ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ መሥመር ነው። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ከተደረገው ከአቴኑ የመጀመሪያ ኦሎምፒክ ጀምሮ አለ።

በፎይል የሚቆጠረው ደረትንና ሆድን የመሰለ የመሐል አካል ሲነካ ነው፤ በሳበር ከወገብ በላይ፣ በኤፔ ግን መላ አካል ነው። በፎይልና በሳበር ሁለቱም ባንድ ጊዜ ቢነካኩ ዳኛው ማጥቃትን ማን ቀደመ ብሎ ይፈርዳል። የተጠቃው መጀመሪያ መመከት፣ ከዚያ መመለስ አለበት። እዚህ ላይ የጥንቱ ምክር አልጠፋም፤ ስለት እየመጣብህ ዝም ብለህ አትግባበት ነው ነገሩ።

በኤፔ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ከሴኮንድ አንድ ሃያ አምስተኛ በማይበልጥ ልዩነት ቢነካኩ ኤሌክትሪኩ ሁለቱንም መብራት ያበራል፤ ለሁለቱም ነጥብ ይያዛል። እስኪ አስቡት፤ ጨዋታው በ15 ነጥብ የሚያልቅ ሆኖ አንዱ 14 ለ12 እየመራ ነው። ከዚያ በኋላ መመከት ምን ያደርግለታል? እኩል ቢነካኩ 15 ለ13 አሸነፈ! በጨዋታ ሜዳ ይህ ብልህነት ነው፤ በጦር ሜዳ ግን ሁለት ሬሳ ነው። ተጫዋቹ አላጠፋም፤ ያደረገው ደንቡ ያስተማረውን ነው።

ጉግስስ?

እኛም ጦርነትን ወደ ጨዋታ የለወጥንበት የራሳችን መንገድ አለን። በፈረስ ጉግስ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሹ እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ጦሩ ዘንግ ሆነ እንጂ ጋሻው ጋሻ ነው። መመከቱ አልተረሳም።

ለመምህር የሚሆን ትምህርት

ከዚህ የምንገነዘበው፣ ልጅ በጨዋታ የሚማረው መምህሩ የተናገረውን ሳይሆን ደንቡ የሚሸልመውን መሆኑን ነው። ተጠንቀቁ እያልን ነጥብ የምንሰጠው ለመምታት ብቻ ከሆነ ጥንቃቄን አላስተማርንም። ይህን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ሁለት ሠልጣኞች የተጠቀለለ ጋዜጣ ይዘው ከትከሻ በታች ብቻ ይነካኩ። በመጀመሪያው ዙር የነካ ሁሉ ነጥብ ያግኝ። በሁለተኛው ዙር ነጥብ የሚያገኘው ነክቶ ራሱ ያልተነካው ብቻ ይሁን። በሁለተኛው ዙር ልጆቹ ወዲያው ርቀት መጠበቅና መመከት ሲጀምሩ ታያላችሁ።

በእንጨት ወይም በብረት ግን አይሞከርም። እ.ኤ.አ. በ1982 ዓ.ም. ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የባላንጣው ፎይል ተሰብሮ ጭምብሉን በመብሳቱ የኦሎምፒክ ባለድሉ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ ሕይወቱን አጥቷል። ጭምብሉ፣ ልብሱና ስለቱ እንዲጠነክሩ የተደረገው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ቀላል የሚመስለውም ጨዋታ ስለት መሆኑን አንርሳ።

ነገ ደባርቅ፣ ዳባት ወይም ጃናሞራ ተመድበን ስንሄድ አንድ የቤት ሥራ ይኑረን። ጉግስ የተጫወቱ አባቶችን ጋሻ እንዴት እንደሚያዝ፣ ዘንግ ሲመጣ ዓይን የት እንደሚያርፍ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፈው። የአውሮፓው ካህን ትምህርቱን በብራና ስላስቀመጠ ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በኋላም ይነበባል። የእኛዎቹ አባቶች ግን መጽሐፋቸው እጃቸው ነው፤ ሳንጠይቃቸው ካለፉ ትምህርቱም አብሮ ያልፋል።