ሳነቴን የሚያርሰው ፍልፈል

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ደጋ አጋዘንና ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። በፓርኩ ውስጥ ያለው የሳነቴ መስክ ጉዳይ ግን ከአፈሩ ሥር ይጀምራል።

ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አብዛኛው ኑሮው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይልና ከጉድጓዱ አፍ ሳይርቅ ሣሩን ነቅሎ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ሲጨርስ በሩን ከውስጥ በአፈር ይደፍናል። ቆፍሮ ካወጣው አፈር ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ነፍሳት ትለቅማለች። አዳኝ ስታይ ትጮኻለች፤ ፍልፈሉም ሰምቶ ይገባል።

ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጩ ይጋግራል፤ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ያው መሬት ይሞቃል። ፍልፈሉም፣ የመስክ አይጦቹም በቀን የሚወጡት ለዚህ ነው፤ እነሱን የሚበላው ቀይ ቀበሮም የቀን አዳኝ ሆኗል። ክረምት ሲገባ ረባዳው ውኃ ያቁራል፤ ለጉድጓድ የሚመቸው ከፍ ያለው መሬት ብቻ ይሆናል። ዝናቡ ፍልፈሉ የገለበጠውን አፈር ያረጥበዋል፣ በቁልሉ ላይ አዲስ ተክል ይበቅላል። ቀበሮዋ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ግልገሎቿን የምታሳድገውም በእነዚሁ አይጦች ሥጋ ነው።

ሰውም ከዚህ ፍልፈል ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው፣ በባሌ ተራሮች በሚገኘው የፊንጫ ሐበራ ዋሻ የተካሄደ ቁፋሮ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በ3,469 ሜትር ከፍታ የኖሩ ሰዎች ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር አሳይቷል።

የዛሬው ጭንቀት ሌላ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ቢቋቋምም በሕግ የተከለለው በ2014 ነው፤ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በፓርኩ ውስጥ ስለሰፈረው ሰው የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ «ይውጣ» እና «ይቆይ» ከሚሉት ሁለት ቃላት አላለፈም። የአካባቢው ኦሮሞ አርብቶ አደር ግን ጎዳንቱ የሚባል ሥርዓት ነበረው፦ ታች ያለው ማሳ በሚዘራበት የዝናብ ወራት ከብቱን ወደ ደጋው ያወጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይመልሳል። መስኩ የሚያርፍበት ጊዜ ነበረው ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ከብት ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይውላል፤ ከፍልፈሉ ጋር አንዱን ሣር ይሻማል። ከእረኛው ጋር የሚወጣው ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። በፓርኩ ውስጥ ባለው የዌብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሣው ወረርሽኝ በመታቸው መንጋዎች ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ገደለ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው።

በእኔ እምነት ጥፋቱ እረኛው ሣሩን መጠቀሙ ላይ ሳይሆን፣ የወቅቱ ሥርዓት መፍረሱ ላይ ነው። የፓርኩ አስተዳደርና የአካባቢው ሽማግሌዎች አብረው ይቀመጡ፤ ከብቱ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወርድ በወር ለይተው በስምምነት ያስፍሩ። ከከብቱ ጋር የሚወጣ ውሻም ሳይከተብ አይውጣ።