ማጣሪያው የሚያውቀው ያስተማሩትን ነው

የውጭ ትምህርት ዕድል የጠየቀ ወጣት መልሱን ሌት ተቀን ይጠብቃል። መልሱ መጥቶም የአይፈለጌ መልእክት (ስፓም) ፎልደር ውስጥ ተቀብሮ የምዝገባው ቀን ሊያልፍበት ይችላል። አይፈለጌ መልእክት ኢንቦክስ ውስጥ ሲገባ የሚያባክነው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ቁም ነገር ያለው ደብዳቤ ሲጣል ግን ጉዳቱ ላይጠገን ይችላል። የኢሜይል ማጣሪያን የሚያስተካክል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ልዩነት ማሰብ አለበት።

ኮምፒውተር ላይ ከሚጫኑት የኢሜይል ፕሮግራሞች ሞዚላ ተንደርበርድን እንውሰድ። የማጣሪያው መሠረት የእንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ቤይዝ ሐሳብ ነው። ቤይዝ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 የታተመው ጽሑፉ፣ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ የቀድሞ ግምታችንን ምን ያህል መለወጥ እንዳለብን የሚሰላበትን መንገድ ከፈተ። ስሌቱን አይፈለጌ መልእክት ለመለየት የሚጠቀሙ ጥናቶች በ1998 ታተሙ፤ በ2002 ደግሞ የፕሮግራም ባለሙያው ፖል ግራሃም ባወጣው ጽሑፍ ዘዴው በሰፊው ታወቀ።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። 100 አይፈለጌና 100 መልካም መልእክቶች ለይተው ለፕሮግራሙ አሳዩት እንበል። «ሎተሪ» የሚለው ቃል በ40ዎቹ አይፈለጌዎችና በአንድ መልካም መልእክት ውስጥ ተገኘ። ይህ ቃል ብቻውን ሲታይ መልእክቱ አይፈለጌ የመሆን ዕድሉ 40 ለ41፣ ማለትም 98 በመቶ ገደማ ነው። እዚያው መልእክት ላይ «ስብሰባ» የሚል ቃልም አለ፤ እርሱ ደግሞ በ2 አይፈለጌዎችና በ30 መልካሞች ውስጥ የታየ ነው። ሁለቱ ማስረጃዎች ሲጣመሩ ዕድሉ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። ተንደርበርድ በብዙ ቃላትና ይበልጥ በተራቀቀ ቀመር ያሰላል፤ በመነሻ ቅንብሩም ውጤቱ 90 ካልደረሰ መልእክቱን አይፈለጌ አይለውም። ወሰኑ ወደ 100 የተጠጋው መልካሙን ደብዳቤ ላለመጣል ነው።

ስሌቱ ሁለት ዓይነት ናሙና ስለሚፈልግ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግማሹን ሥራ ነው። አይፈለጌውን ብቻ እያሳዩ መልካሙን ካላሳዩት ማጣሪያው የሚያነጻጽርበት ነገር ያጣል። ተንደርበርድ ውስጥ መልእክቱን መርጦ የ«ጄ» ቁልፍን መጫን «ይህ አይፈለጌ ነው» ማለት ነው፤ ሺፍትን ይዞ «ጄ»ን መጫን ደግሞ «ይህ መልካም ነው» ማለት ነው። ሁለተኛውንም ኢንቦክስ ውስጥ ባሉ ትክክለኛ ደብዳቤዎች ላይ ይጠቀሙበት።

በአማርኛ የሚጻጻፍ ሰው እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ጥንቃቄም ያስፈልገዋል። የሚደርሰው አይፈለጌ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ የአማርኛ ቃላት ለመልካምነት ጠንካራ ምስክር ይሆኑለታል። ነገር ግን ቃል በቃል ለሚቆጥር ማጣሪያ «ስብሰባ»፣ «ስብሰባው» እና «ለስብሰባው» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የአማርኛ ደብዳቤዎችን በርከት አድርጎ ማሳየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ወደ አካውንቱ ቅንብር ይሂዱ። ላኪው በአድራሻ መዝገብዎ ውስጥ ካለ መልእክቱን አይፈለጌ እንዳይል የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ የወዳጅዎና የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ የሚድነው በዚህ ነው። የራስዎን አድራሻ ግን ከመዝገቡ ያውጡ። የላኪ አድራሻ በቀላሉ ይመሰላልና አጭበርባሪዎች የተቀባዩን አድራሻ እንደ ላኪ አስመስለው ይጽፋሉ።

የኢሜይል አገልግሎት ሰጪውም በሰርቨሩ ላይ የራሱ ማጣሪያ እንዳለው አይርሱ። ፕሮግራምዎ ደብዳቤ የሚያወርደው በፖፕ ዘዴ ከሆነ የሚደርስዎ አብዛኛውን ጊዜ የኢንቦክሱ ብቻ ነው፤ በሰርቨሩ የተያዘውን ለማየት በብራውዘር መግባት ይኖርብዎታል። በአይማፕ ከሆነ ግን የስፓም ፎልደሩን እዚያው ፕሮግራም ውስጥ መክፈት ይቻላል።

የቆዩ አይፈለጌ መልእክቶችን ከተወሰነ ቀን በኋላ በራሱ የሚሰርዘውን ምርጫ ለማብራት አይቸኩሉ። ፎልደሩን በየሳምንቱ ይክፈቱ፤ በስህተት የገባ ካገኙ መልካም መሆኑን ይንገሩት። እያንዳንዱ እርማት ለቀጣዩ ውሳኔ ማስረጃ ይሆናል። መሰረዙን የሚፈቅዱለት፣ መልካም ደብዳቤ እዚያ ፎልደር ውስጥ መገኘቱ ሲቀር ነው።